የምስጋናው ኢሜይል

እኔ ሶፋ አልባሽ ነኝ። ስፖንጅ እቆርጣለሁ፣ ጨርቅ እወጥራለሁ። ሚስማር በከንፈሬ ይዤ ስለምሠራ ላየኝ ሰው ዝምተኛ ሴት እመስላለሁ። አፌ ባዶ የሆነ ለታ ግን አያድርስ ነው፤ የመጣልኝን ሁሉ እናገራለሁ። ሥራ ቤቱ ውስጥ «ቱግ» ብለው ስም ያወጡልኝ ለዚህ ነው። ይበሉኝ፣ ምን ቸገረኝ። ዛሬ የማወራው ግን ስለ እኔ አይደለም፤ ከእኔ ክፍል በአንዲት ቀጭን የእንጨት ግድግዳ ተለይታ ስለምትሠራው ስለ እታለም ነው።

እታለም የወጣላት ስም አይደለም። ታናሹም ታላቁም እንደዚያ ሲላት ኖሮ ስም ሆኖባት ቀረ። ቢሮ የምትቀመጠው እሷ ናት። የሚገባውን ትቀበላለች፣ የሚወጣውን ትከፍላለች፣ ደንበኛ ሲቆጣ ታበርዳለች፣ አናጺዎቹ በመላጊያ ሲጣሉ ትገላግላለች። ሥራ ቤቱ የምን ሥራ ቤት ነው ካላችሁኝ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ወንበርና ሶፋ ነው የምንሠራው። ሰጋቱራው ቅንድባችን ላይ ሳይቀር ያድራል።

ባለቤቱ ጋሼ ቶሎ ናቸው። ፊታቸው ላይ «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ «ቶሎ»ዋን የምንጨምረው ዞር ሲሉ ነው። «ቶሎ በሉ» ሳይሉ በአጠገባችን አልፈው አያውቁማ! ክፉ ሰው አይደሉም። ደመወዝ አያሳልፉም፣ የታመመ ሰው ቤት ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ሄደው ግን ምን ይላሉ? ምንም። ከበሽተኛው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ግድግዳ ግድግዳውን አይተው፣ «በሉ» ብለው ይነሳሉ። ቃል የሚከፈልበት ይመስል ይሰስቱታል።

የእታለም ባል የጋሼ ታናሽ ወንድም ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ይህን ቤት በአንድ መጋዝ ነው የጀመሩት። ታናሽየው እጁ የተባረከ ነበር፣ ሳቁ ደግሞ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። አንድ ክረምት ታመመና ሄደ፤ ልጁ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ከለቅሶው በኋላ ጋሼ እታለም ቤት ሄዱና በሩ ላይ ቆመው «ነገ ሥራ ግቢ» አሏት። በቃ። ማጽናናት የለ፣ አይዞሽ የለ። በማግስቱ መጣችና መጥረጊያ ሰጧት።

ሰጋቱራ እየጠረገች ቢሮውን ታያለች። ደረሰኙ መሬት ላይ፣ የሻጩ ወረቀት ከሻይ ብርጭቆ ሥር፣ ስልኩ ይጮኻል የሚያነሳው የለም። ማንም ሳይላት ማታ ማታ ሒሳብና ኮምፒውተር መማር ጀመረች፤ ልጇን እናቷ እየያዙላት። ሲነጋ ደግሞ ጠረጴዛውን እየገለጠች ታስተካክላለች። አንድ ጠዋት ጋሼ ገቡ፣ ዞር ዞር ብለው አዩ፣ የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። የእሷ ሹመት ይኸው ነበር! መጥረጊያውን ምን ታድርገው? ግራ ገብቷት እስከ ምሳ ሰዓት በአንድ እጇ ቁልፍ፣ በአንድ እጇ መጥረጊያ ይዛ ዋለች። ስንቴ እንደሳቅንበት።

እየሳቅን ሳለ ግን አንዳንዴ ትክዝ ትላለች። «ቱግዬ፣ ብር አልፈልግም» አለችኝ አንድ ቀን። «አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ 'አንቺ ባትኖሪ ኖሮ' ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር። ወንድማቸው ቢኖር ይለኝ ነበር።» ምን እላታለሁ? እንኳን እሷን፣ የገዛ ሚስታቸውንም አመስግነው አያውቁም አልኳት። ይህ እንደማያጽናና አውቃለሁ፤ ግን እውነት ነው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር እንዲገባችሁ የቤታችንን ሕግ ማወቅ አለባችሁ። አንድ ጊዜ እታለም ለኮላ ሻጩ ሁለቴ የምትከፍል መሰላትና ጋሼን ደውላ ጠየቀች። ጋሼ ደግሞ ከደንበኞች ጋር ተቀምጠው ኖሯል። «ክፈይ ስልሽ ክፈይ! ለምን እያልሽ አታድርቂኝ!» ብለው ጮኹባት፤ ደንበኞቹ ሲስቁ በስልኩ ውስጥ ተሰማት። ከዚያ ወዲህ ደውላ አታውቅም። ትእዛዙ በመልእክት ይመጣል። «ክፈይ።» «ያዢ።» «ላኪ።» እሷም ትከፍላለች፣ ትይዛለች፣ ትልካለች። ይባስ ብለን እኛ እንኮራበት ነበር እኮ! ሌላው ሥራ ቤት ሲጨቃጨቅ ይውላል፣ የእኛ ቤት ግን ያለ ወሬ ነው የሚሄደው እንል ነበር። አንድም ሰው ቢሆን፣ እኔን ጨምሮ፣ ሰው የማይጠየቅበት ቤት ለሌባ ምን ያህል እንደሚመች አላሰበም።

አዲስ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ መጣልን። አልጋው፣ ወንበሩ፣ ቁም ሣጥኑ ሁሉ በእኛ ይሠራ ተባለና ቀብዱ ባንክ ገባ። እንዲህ ያለ ሥራ አይተን አናውቅም። ቀብዱ ደግሞ የእኛ ገንዘብ አይደለም፤ ጣውላ የሚገዛበት ነው። ያ ገንዘብ ከጠፋ ጣውላም የለ፣ ለደንበኛው የሚመለስም የለ፤ መጋዞቹ ተሸጠው እኛ እየቤታችን ነው። ይህን ከጋሼ እስከ በር ጠባቂው ሁላችን እናውቃለን። ጋሼ ጣውላውን ራሳቸው ሊመርጡ ከሾፌሩ ጋር ራቅ ወዳለ የእንጨት መሸጫ ሄዱ። እዚያ ደግሞ ኔትወርክ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል።

እነሱ በሄዱ ማግስት ጠዋት ሶፋ ላይ ጨርቅ እየወጠርኩ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የእታለም የኮምፒውተር ቁልፎች ቋ ቋ ሲሉ ቆይተው ጸጥ አሉ። ቆየ ጸጥታው። ቀጥሎ «ቱግዬ፣ ነይማ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፅዋ ልክ አይደለም። መዶሻዬን እንደያዝኩ ገባሁ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምን ሆንሽ? ልጅቷ ምን ሆነች?» አልኩ።

«ምንም አልሆነችም። አንብቢው።»

ስክሪኑ ላይ ኢሜይል ተከፍቷል። ከላይ የጋሼ ሙሉ ስም አለ። እንዲህ ይላል፦

«ውድ እህቴ፣ ለድርጅታችን ምን ያህል እንደምትደክሚ አውቃለሁ። በቃል ነግሬሽ አላውቅም፤ ግን ያለ አንቺ ይህ ቤት አይቆምም። ስለ ታማኝነትሽ ከልብ አመሰግንሻለሁ። አሁን አንድ አስቸኳይ ጉዳይ አለ። ሻጩ የባንክ ሒሳቡን ቀይሯል፤ የክፍያ ጥያቄው ከታች አለልሽ። እባክሽ ተጭነሽ ዛሬ ከቀትር በፊት ጨርሺልኝ። ስብሰባ ላይ ስለሆንኩ አትደውዪ። በአንቺ እተማመናለሁ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ጋሼ 'እባክሽ' አሉ? ምን አቅምሰዋቸው ነው? ደግሞ ስብሰባ? ከግንድ ጋር ነው የሚሰበሰቡት?»

እታለም ፊቷ ልውጥ አለ። «ለምን ትስቂያለሽ? ለእኔ አይገባኝም?»

«እሱን አላልኩም…»

«ሰው አይለወጥም? ራቅ ሲል አያስብም? ይህችን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅኳት አንቺ ታውቂያለሽ። ስቀሽ አታበላሺብኝ።» ይህን ብላ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

እኔም ኩርፍ አልኩ። ልዋሻችሁ አልችልም፤ የዚያን ጊዜ ሌባ የሚባል ነገር በሐሳቤ አልመጣም። ጋሼ ወይ አሟቸዋል፣ ወይ አንድ ነገር ፈልገው ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ለካ እሷ የጠራችኝ እንድመረምርላት አልነበረም፤ ምስክር እንድሆናት ነው። ምስጋናዋን ሌላ ሰው ዓይን እንዲያይላት።

ከኢሜይሉ ሥር ያለውን ሰማያዊ ቁልፍ ስትጫን የክፍያ ገጽ ተከፈተ። የሒሳብ ቁጥራችንን፣ የቀብዱን ልክ፣ ሁሉንም ቦታ ቦታው ላይ ሞላች፤ ከላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ እየቆጠረ ይሄዳል። የቀረው ባንኩ በስልኳ የሚልከውን የማረጋገጫ ኮድ ማስገባት ብቻ ነው። ስልኳ ነዘረ። ኮዱ መጣ። ጣቷን ቁጥሮቹ ላይ አደረገችና ቆመች።

«ቆይ» አለች። «መጀመሪያ ላመስግናቸው።»

«አትደውዪ ይላል እኮ» አልኳት፤ ኩርፊያዬ አልወጣልኝም።

«ሲቆጡ ይቆጡ። ዛሬ ቁጣቸውም ይጣፍጠኛል።»

ደወለች። አይሠራም። ደግማ ደወለች። አሁንም የለም። ገጹ ላይ ያለው ሰዓት እየጎደለ ነው፤ እሷም ዓይኗን አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደ ስልኩ ታመላልሳለች። «ከፍለሽ ብትደውዪስ?» አልኳት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት! እሷ ግን «እንዲህ ያለ ቃል ጽፈውልኝ ዝም ብዬ ገንዘብ ልኬ ብቻ? አይሆንም» አለችና ወደ ሾፌሩ ስልክ ደወለች። ሾፌሩ አነሳ። ጋሼን ጠራልን። እታለም እኔ እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ትንሽ ልትኮራብኝ ነው፣ ገብቶኛል።

«ጋሼ» አለች። «ስለ ጻፉልኝ ነገር እግዜር ይስጥልኝ። ገንዘቡን አሁኑኑ እልከዋለሁ። አስቀድሜ ላመስግንዎት ብዬ ነው።»

ከወዲያ የመጋዝ ጩኸት ብቻ ይሰማል። «ምን ጻፍኩ?» አሉ ጋሼ።

«ኢሜይሉን…»

«የምን ኢሜይል? ጭቃ ውስጥ ቆሜ ጣውላ እየመረጥኩ ነው እኮ! በምን ጊዜዬ ነው ኢሜይል የምጽፈው!»

ፊቷን እያየሁ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ «ገንዘቡን አስባ ደነገጠች» ይላል። አይደለም። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ስለ ገንዘብ አልነበረም። «እርስዎ አይደሉም?» አለች። እንደገና «እርስዎ አይደሉም የጻፉት?» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ቀብዱ ትዝ ያላት።

«ምን ይላል? አንብቢው» አሉ ጋሼ።

ማንበብ ጀመረች። «ያለ አንቺ ይህ ቤት…» ስትል ድምፅዋ ተቆረጠ። እኔ ቀማኋትና ከዚያ ያለውን አነበብኩ። ደሜ ፈልቷል፤ እያንዳንዷን ቃል እንደ መርዝ ነው የተፋኋት።  

«አትክፈይ» አሉ ጋሼ። «ባንክ ደውዪ። አሁን።»

ባንክ ደወልን። እታለም ኢሜይሉ ሥር ያለውን ስልክ አልነካችም፤ በባንክ ካርዷ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ነው የደወለችው። የደከመው የሚመስል ድምፅ ያለው ጎልማሳ አነሳ። ከሁሉ በፊት የጠየቀው «ኮዱን አስገብተሻል?» ብሎ ነው። አላስገባሁም ስትለው በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማነው።

«እንኳን አላስገባሽ! ያ ኮድ ከወጣ በኋላ እኛም የምናደርገው ትንሽ ነው። እስቲ የላኪውን ስም ተጫኚና ከሥሩ ያለውን አድራሻ እይው።»

ተጫነችው። ጉድ! ከጋሼ ስም ሥር የተዘበራረቀ ፊደልና ቁጥር፣ ከእኛ ጋር ምንም የማይገናኝ አድራሻ ተደብቆ ኖሯል። ስሙን ማንም እንደፈለገ መጻፍ ይችላል አለን፤ በር ላይ ስም እንደመለጠፍ ነው።

«ተመሳሳይ ነገር ደግሞ ይመጣል» አለ ሰውየው። «ያስቸኩሉሻል፤ አስበሽ እንዳትደርሺበት ነው። አትደውዪ ይሉሻል፤ የእውነተኛውን ሰው ድምፅ እንዳትሰሚ ነው። አዲስ የባንክ ሒሳብ ያመጣሉ። ከነዚህ አንዷን እንኳ ካየሽ ቁልፉን አትንኪ። በምታውቂው ቁጥር፣ ለምታውቂው ሰው ደውዪ። ኢሜይሉንም እንዳታጠፊው፣ ለእኛ ላኪልን።»

እታለም «እሺ» እያለች ሰማችው። መጨረሻ ላይ ግን የከነከናትን ጠየቀችው። «ስለ እኔ እንዴት አወቀ?»

«ማን?»

«የጻፈው ሰውዬ። በቃል ነግሬሽ አላውቅም ይላል። ይህንን ማን ነገረው?»

ጎልማሳው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ አትዘኚ። ይህንኑ ቃል ለቃል የያዘ ኢሜይል በዚህ ሰሞን ብዙ ሰው አምጥቶልናል። ለሴቷ 'እህቴ'፣ ለወንዱ 'ወንድሜ' ይላሉ፣ ሌላው ያው ነው። የሚደክምና ያልተመሰገነ ሰው የሌለበት ቤት የለም። እነሱም የሚገቡት በዚያ ነው።»

ስልኩን ዘጋችና ቁጭ አለች። ሻይ አመጣሁላት፤ ሳትነካው በረደ። «ለሁሉም ሰው ነው የሚልኩት» አለች ለራሷ። ቀጥላ ቀና ብላ አየችኝና «ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፣ ቱግዬ» አለች። አንጀቴን በላችው። ገንዘባችን ተርፏል፣ ሥራችን ተርፏል፤ እንደ ሕጉ መጨፈር ነበረብን። እኔ ግን ሌባውን ያዢና አምጪ ቢሉኝ በመዶሻዬ አናቱን እለው ነበር፤ ሊሰርቀን ስለሞከረ ብቻ አይደለም።

ወሬው ወዲያው አናጺዎቹ ጋ ደረሰ። አንዱ ቀልደኛ «እታለም፣ ሌባውን እንቅጠረው እንዴ? ማመስገን ይችላል!» አላት። ክር የተጠቀለለበትን እንጨት ወርውሬ ትከሻውን አገኘሁት። እሷ ግን ፈገግ አለች፤ ከልቧ ባይሆንም። ያን ቀን ሙሉ ማሰቤን አልተውኩም። እታለምን ያዳናት መጠርጠር አልነበረም። እኔ ተጠራጣሪዋ፣ አፍ እላፊዋ፣ «ከፍለሽ ብትደውዪስ» ብያታለሁ። ያዳናት፣ «ሰው ላመስግን» ማለቷ ነው። ለምስጋና ባትደውል ኖሮ፣ በቤታችን ሕግ ከሆነማ፣ እስከ ቀትር አልቀንልን ነበር።

ጋሼ በማግስቱ ጣውላውን ጭነው ገቡ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ መጋዞቹን አስቁመው ሁላችንን ሰበሰቡን።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ እታለምን እያዩ፣ «ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ሲመጣ፣ በእኔ ስም ቢሆንም፣ ትደውያለሽ። ብቆጣ ደውዪ። ብዘጋብሽ ደግመሽ ደውዪ። ድምፄን ሳትሰሚ አንድ ሳንቲም አይወጣም።»

«ኔትወርክ ባይኖርስ ጋሼ?» አለ ሾፌሩ።

«ሻጩ ይጠብቃላ! ምን ይሆናል?»

እርስ በርስ ተያየን። እንኳን «ይጠብቃል» ሊሉ፣ ሻይ ሲፈላ ቆመው የማይጠብቁ ሰው ናቸው። ማንም አልሳቀም። ነገሩ ከብዷቸው እንደነበር ፊታቸው ይናገራል፤ መንገዱን ሁሉ ሲያብሰለስሉት ነው የመጡት።

ሰዎቹ ሲበተኑ ጋሼ ቢሮ ገቡ። እኔም ወደ ጨርቄ ተመለስኩ፤ ጆሮዬ ግን ግድግዳው ላይ ነበር፣ አልክድም። በሩን አልዘጉትም፤ ከተቀመጥኩበት ሁለቱንም አያቸዋለሁ።

«አሳዪኝ» አሏት።

ኢሜይሉን ከፈተችላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው፣ ቃል በቃል አነበቡት። ጨረሱትና ከላይ ጀምረው እንደገና አነበቡት። እታለም ከኋላቸው ቆማ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች።

«ሌባው ይህን ከየት አወቀው?» አሉ ጋሼ፤ ሳይዞሩ።

«እሱማ ምንም አያውቅም ጋሼ» አለች እታለም። «ለሁሉም ሰው ነው የሚልከው። የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሲያብሱ አየሁ፤ ወንድማቸው የተቀበረ ለታ እንኳ እንደዚያ ሲሆኑ አላየሁም።

«አውቅ ነበር» አሉ። «እሱ ከሞተ ጀምሮ አውቅ ነበር። ይህን ቤት ያቆምሽው አንቺ ነሽ።»

ያችን ቃል ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቃታለች። ትስቃለች ወይ ታመሰግናቸዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ባሏ የሞተ ለታ እንዳለቀሰችው ድምፅ አውጥታ አለቀሰችና «ታዲያ ሌባ ቀድሞ እስኪነግረኝ ድረስ ምን አስጠበቀዎት?» አለቻቸው። ጋሼ ወንበር ስበው አጠገቧ ቁጭ አሉ፤ የዚያን ቀን «በሉ» ብለው አልተነሱም።